ክኒን የማያወርደው ግፊትና የሌሊት ማንኮራፋት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክኒኑን ሳያዛንፍ እየዋጠ ግፊቱ ከ140/90 አልወርድ ያለ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት አጠገቡ የሚተኛው ነው።

ማንኮራፋትን የጥሩ እንቅልፍ ምልክት ማድረግ

«ደክሞት ነው፣ ተዉት ይተኛ» ይባላል። የሚያንኮራፋ ሁሉ ታማሚ አይደለም። የሚያሰጋው ድምፁ ድንገት ጸጥ ብሎ ቆይቶ፣ ሰውዬው እንደታነቀ ሁሉ አየር ስቦ ሲቀጥል ነው። በእንቅልፍ የጉሮሮ ጡንቻ ሲላላ የአየር መንገዱ ይዘጋል፤ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከቆየ አንድ መቋረጥ ተብሎ ይቆጠራል። በሰዓት 5 ጊዜ ከደረሰ ስሊፕ አፕኒያ (በእንቅልፍ ትንፋሽ የመቋረጥ ሕመም) ነው፤ 30 ከደረሰ ከባድ የሚባለው ነው። በተዘጋ ቁጥር የደም ኦክስጅን ይወርዳል፣ አድሬናሊን ይረጫል፣ የደም ሥር ይጠባል። የጤነኛ ሰው ግፊት ሲተኛ ከቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። የዚህ ሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ ከፍ እንዳለ ያድራል፤ እያደር የቀኑም ግፊት ይከተላል።

እንቅልፍ ከወሰደው አንድ ሰዓት ያህል ሲያልፍ፣ በጀርባው እንደተኛ 10 ደቂቃ በስልክ ይቅረጹት። ሐኪሙ ከብዙ ወሬ ይልቅ ያን ቅጂ ቢሰማ ይመርጣል።

መታነቁን ለዱካክ መስጠት

ዱካክ የሚባለው አእምሮ ነቅቶ ሰውነት አልታዘዝ ሲል ነው፤ ብዙ ጊዜም አልፎ አልፎ ነው የሚመጣ። በየሌሊቱ ታንቆ መባነን፣ ጠዋት ራስ ምታትና የአፍ ድርቀት፣ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሳት ሌላ ነገር ነው። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ሐኪም ቤቱ ግን አይቅር። በተለይ ሐረጎን እየወጣ እየወረደ ደሴና ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሹፌር መሪ ላይ ካንቀላፋ ነገ ከነገ ወዲያ የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

«እኔ ወፍራም አይደለሁም» ማለት

ውፍረት ዋናው ምክንያት ነው፤ ትንሽ አገጭና ትልቅ ቶንሲልም ግን መንገዱን ያጠባሉ። በልብስ ሰፊ ሜትር አንገትዎን ይለኩ። ከ40 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ይጠርጥሩ።

ጫት በጨብሲ መስበር

እኛ ዘንድ ከሁሉ የከፋው ይህ ይመስለናል። ከሰዓት የተቃመው ጫት ግፊትንና የልብ ምትን ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል። እንቅልፍ እንዲመጣ አረቄ ወይም ቢራ ሲደረብበት ደግሞ የጉሮሮ ጡንቻ ይበልጥ ይላላል፤ መቋረጡ ይበዛል፣ ይረዝማል። እንደ ዲያዜፓም ያለ የእንቅልፍ ክኒንም ጉሮሮን ያላላል፣ መንቃትንም ያዘገያል። ሐኪም ሳያዝ መዋጥ አደጋ ነው።

በተሳሳተ ልኬት መድኃኒት መጨመር

ከቡናና ከሲጋራ 30 ደቂቃ ይራቁ፤ ጫት በቃሙበት ቀን ከመቃምዎ በፊት ጠዋት ይለኩ። ሽንት ሸንተው፣ ወንበር ደገፍ ብለው 5 ደቂቃ ዝም ይበሉ፤ ክንድ በልብ ትይዩ ይሁን። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ማሰሪያ ከታሰረ ቁጥሩ ያለ አግባብ ይጨምራል። ቤት ውስጥ 135/85ና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው።

ጨውን ከእንቅልፍ ጋር አለማያያዝ

ጨው በሰውነት ውስጥ ፈሳሽ ያስቀራል። ቀን እግር ላይ የተጠራቀመው ፈሳሽ ሲተኙ ወደ አንገት ይሄድና የአየር መንገዱን ያጠባል። በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ፤ ቡና በጨው የሚጠጡ ከሆነ እሱም ይቆጠራል።

ሲፓፕ ተገኘ ብሎ ክኒን መጣል

ሲፓፕ፣ ማለትም በእንቅልፍ ጊዜ አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርገው ማሽን፣ ግፊትን የሚቀንሰው በአማካይ 2 ወይም 3 ነጥብ ነው፤ በመድኃኒት አልበገር ያለ ግፊት ላይ የተሻለ ይሠራል። በየሌሊቱ ቢያንስ ለ4 ሰዓት ያህል ካልተደረገ ግን ብዙም ለውጥ አይጠበቅም። ፈሳሽ የሚያሸና ክኒን ጭምር ሦስት ዓይነት መድኃኒት በሙሉ መጠን እየወሰዱ ካልወረደ፣ የእንቅልፉን ነገር ሳይጠየቁ ለሐኪሙ ይንገሩ።

የእንቅልፍ ምርመራው በየሆስፒታሉ አይገኝም። እስኪገኝ በጎን መተኛት ብዙዎችን ይረዳል፦ የሌሊት ካናቴራ ጀርባ ላይ፣ በትከሻ አጥንቶች መካከል ኪስ ሰፍተው ትንሽ ኳስ ይክተቱበት፤ በጀርባ ሲገለበጡ ኳሱ ስለሚቆረቁር ሳይነቁ ወደ ጎን ይመለሳሉ።