በካሊግራፊ ፎንት ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እንደ ስኔል ራውንድሃንድና ቢካም ስክሪፕት ያሉ ያማሩ የካሊግራፊ ፎንቶች መነሻቸው የብዕር ጽሑፍ ነው። ብዕሩ ወደ ታች ሲወርድ ተጭኖ ያወፍራል፣ ወደ ላይ ሲወጣ ያቀጥናል፤ ፊደላቱም እጅ ሳይነሳ ተያይዘው ይሄዳሉ። አብዛኞቹ ስህተቶች ይህን ቅጥልጥል የሚበጥሱ ናቸው።

ፊደላቱን ማራራቅ ወይም ማጠጋጋት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ርዕሱ ሰፋ እንዲል ትራኪንጉ (በፊደላቱ ሁሉ መካከል እኩል የሚጨመረው ወይም የሚቀነሰው ክፍተት) 50 ወይም 100 ሲደረግ የአንዱ ፊደል መውጫ ከቀጣዩ መግቢያ ጋር ሳይገናኝ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ሲጠጋጋ ደግሞ መገጣጠሚያው ይደራረባል፣ ቃሉም ይታፈናል። ትራኪንጉ ዜሮ ላይ ይቆይ። ከርኒንጉ (በሁለት ጎረቤት ፊደላት መካከል ያለው ክፍተት) «ኦፕቲካል» ላይ ከሆነም ፕሮግራሙ በራሱ ግምት ክፍተቱን ስለሚቀይር ፎንቱ ራሱ የያዘውን ክፍተት ወደሚጠቀመው «ሜትሪክስ» ይመልሱት። ስፋት ከፈለጉ የፊደሉን መጠን ያሳድጉ።

ቃሉን በሙሉ በካፒታል ሌተር መጻፍ። ካፒታሉ የተሠራው ቃል እንዲጀምርና ለተከታዩ ስሞል ሌተር መንገድ እንዲለቅ ነው። ሁሉም ካፒታል ሲሆን ጭራ ከጭራ ይጠላለፍና ቃሉ አይነበብም። አህጽሮተ ቃል ካለ በሌላ ፎንት ይጻፉት።

ቀጫጭኑን መስመር መርሳት። ስክሪን ላይ አጉልተን ስናየው ያምራል፤ ሲታተም ግን ፀጉር የሚያህለው መስመር ይቆራረጣል። ጥቁር መደብ ላይ በነጭ ከተጻፈ ይብሳል፣ ቀለሙ ከሁለቱም ጎን እየሰፋ ይውጠዋልና። በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ሲሆን ቢያንስ 0.25 ፖይንት፣ በጥቁር መደብ ላይ በነጭ ሲሆን 0.5 ፖይንት ውፍረት ያስፈልጋል። ከማሳተምዎ በፊት በትክክለኛ መጠኑ በወረቀት አትመው ይዩት።

የቦልድ ቁልፍ መጫን። ፎንቱ የራሱ ቦልድ ከሌለው ፕሮግራሙ ቀጭኑንም ወፍራሙንም እኩል ያደልበዋል። የፎንቱ ውበት የነበረው የውፍረት ልዩነት ይጠፋል።

ጭራ ማብዛት። ኸርማን ዛፕፍ ያዘጋጀው ዛፕፊኖ የተባለው ፎንት (እ.ኤ.አ. 1998) ለአንዱ ፊደል የተለያዩ ቅርጾች አሉት። ቅርጾቹ ስላሉ ሁሉም ይውጡ ማለት አይደለም፤ በአንድ መስመር አንድ ረጅም ጭራ፣ እሱም መጀመሪያው ወይም መጨረሻው ላይ፣ ይበቃል። «ኮንቴክስቹዋል ኦልተርኔትስ» የሚለውን የፕሮግራሙን ምርጫ ግን ክፍት ያድርጉት፤ ፊደላቱ እንደ ጎረቤታቸው ቅርጽ የሚቀይሩት በእሱ ነው። ጭራው ከሳጥኑ ወጥቶ እንዳይቆረጥም ዙሪያውን ቦታ ይተዉ።

ረጅም ጽሑፍ መጻፍ። ለስም፣ ለርዕስ ወይም ለአንድ አጭር መስመር ያዙት። ቀን፣ ሰዓትና አድራሻ ግልጽ በሆነ ፎንት ይሁኑ። ሁለት የካሊግራፊ ፎንቶችን አንድ ገጽ ላይ አያጋጩ።

የሌለውን ፊደል መጠበቅ። ለላቲን ብቻ በተሠራ ፎንት አማርኛ ቢጽፉ ኮምፒውተሩ ሳይነግርዎ በሌላ ፎንት ይተካዋል፣ ወይም ባዶ ሳጥን ያሳያል።

ወረቀት ወይም ስቲከር በፊደሉ ቅርጽ ለሚቆርጥ ማሽን እንዳለ መላክ። ፊደላቱ የሚገናኙት አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ስለሆነ ማሽኑ መገጣጠሚያውን ሁሉ ለየብቻ ይቆርጠዋል። መጀመሪያ ጽሑፉን ወደ አውትላይን (ፊደልነቱ ቀርቶ ተራ ቅርጽ ወደሚሆንበት መስመር) ይቀይሩ፣ ቀጥሎ «ዩናይት» ወይም «ዌልድ» በሚለው አንድ ቅርጽ ያድርጉት፣ ከዚያ ይላኩ። አውትላይን ከሆነ በኋላ የፊደል ግድፈት ማረም ስለማይቻል ዋናውን ፋይል ለብቻው ያስቀምጡ።