ጭነት ይዞ ሐረጎን ለሚወጣ፦ የቱርቦን ሙቀት እንዴት መቆጣጠር ይቻላል?

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር መንገድ ግን ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስታችሁ ወደ 2,500 ሜትር ትወጣላችሁ። ከባቲ በኩል ጭነት ይዞ የመጣ አይሱዙ በመካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ሲይዝ ቱርቦው (በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ክፍል) ፋታ የለውም። ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ከፈታኋቸው የተቃጠሉ ቱርቦዎች አብዛኞቹን የጎዳቸው የሙቀት አያያዝ ጉድለት ነው፤ ቀድሞ ቢታይ የሚቀር ነገር ነበር።

ሙቀቱ የሚመጣው ከሁለት በኩል ነው። አንደኛው ከጭሱ ነው፤ ዳገት ላይ ከ600 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ሁለተኛው ከራሱ ከአየሩ ነው። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው ፓምፑ እጅ ላይ እንዴት እንደሚግል ያውቃል። ቱርቦም 25 ዲግሪ የነበረውን አየር ግፊቱን እጥፍ ሲያደርገው ከ100 ዲግሪ በላይ አድርጎ ይለቀዋል። የሞቀ አየር ደግሞ ስስ ነው። ኢንተርኩለሩ (ከቱርቦው የወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው፣ ራዲያተር የሚመስለው ክፍል) ከ120 ወደ 50 ዲግሪ ካወረደው፣ በዚያው ግፊት አንድ አምስተኛ ያህል ተጨማሪ አየር ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ከኢንተርኩለሩ ጀምሩ፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ኮምቦልቻ ላይ። በብዙ መኪኖች ኢንተርኩለሩና ራዲያተሩ ተደራርበው ስለሚቀመጡ በመካከላቸው አቧራ፣ ገለባና ነፍሳት ይታጨቃሉ። ከፊት ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል። ጋቢናውን ገልብጣችሁ ከኋላ ባትሪ አብሩበት፤ ብርሃኑ ወደ ፊት ካላለፈ አየሩም አያልፍም። ስታጥቡት ውሃውን ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ልቀቁ፣ ኃይሉም ለስለስ ይበል። የመኪና ማጠቢያ ፓምፕ በቅርብ ከተለቀቀበት ስስ ክንፎቹን አጣጥፎ ይደፍናቸዋል። ከዚያ የታመቀውን አየር የሚያስተላልፉትን የጎማ ቱቦዎች መጋጠሚያ እዩ። ዘይት የጠጣ ጥቁር አቧራ ክብ ሠርቶ ካገኛችሁ የታመቀው አየር በዚያ እያመለጠ ነው፤ ማሰሪያውን አጥብቁ ወይም ቱቦውን ቀይሩ።

ቀጥሎ የራዲያተር ክዳን፤ ብዙ ሰው የሚንቃት እሷን ነው። ደሴ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የብዙ ናፍጣ ሞተሮች ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር) ደግሞ 82 አካባቢ መከፈት ይጀምራል፤ ልዩነቱ አሥር ዲግሪ ብቻ ነው። ውሃው ከ100 በላይም ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ቀይሩት። ሞተሩ እንደጋለ ክዳኑን መክፈት ግን ፊት ያቃጥላል፤ ይህን አይቻለሁ፣ እባካችሁ አትሞክሩት።

  

ዳገቱ ላይ ማርሽ ቀድማችሁ ቀንሱ። ማርሽ ሳይቀንሱ ሞተሩን እያስጨነቁ ነዳጅ መርገጥ ጭሱን ያግለዋል፤ የውሃ ፓምፑና ማራገቢያውም በዝግታ ይዞራሉ። የሙቀት መለኪያው ከለመደው ቦታ ከፍ ማለት ሲጀምር፣ ቀዩ ጋ ሳይደርስ፣ ነዳጁን ቀነስ አድርጉ። ካልወረደ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፣ ሞተሩን ግን በሚኒሞ ተዉት። ውሃው ከፈሰሰ ብቻ ወዲያው አጥፉ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሊሰነጠቅ ይችላል።

ደሴ ስትገቡም ቁልፉን ወዲያው አትዝጉ፤ ሦስት ደቂቃ ያህል በሚኒሞ ይሥራ። የቱርቦው ዘንግ ዳገት ላይ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል፤ የሚያለሰልሰውም የሚያቀዘቅዘውም ዘይቱ ነው። ሞተሩ በድንገት ሲጠፋ ዘይቱ ባለበት ይቆማል፣ ከጋለው ብረት ጋርም ተጣብቆ ይከስላል። አንዱን ዘንግ አውጥቼ ጥቁሩን ቅርፊት በጥፍሬ ብፍቀው አልነቃነቅ ብሎኛል። ዘይት የሚያመጣው ቀጭን ቧንቧ ውስጥም ያው ከሰል ነበር፤ አዲስ ቱርቦ ስታስገቡ ያን ቧንቧ ሳታጸዱ ወይም ሳትቀይሩ አትግጠሙ።