ነርስ የሚያስለቅቁ የኃላፊዎች ስህተቶች

ነርስ በለቀቀች ቁጥር የኃላፊዎች ስብሰባ ላይ የሚሰማው ያው ነው። የለቀቀችው ወጣት ከሆነች «የዛሬ ልጆች ሥራ አይችሉም» ይባላል። በዕድሜ ገፋ ያለች ከሆነች ደግሞ «ደክሟታል፣ አዲሱ አሠራር ከብዷታል» ይባላል። ሁለቱም መልሶች ለኃላፊው ይመቻሉ፤ ምንም ቀይር አይሉትማ። ዋርድ (የሆስፒታል ተኝቶ መታከሚያ ክፍል) ስመራ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ወጣቷንም አንጋፋዋንም የሚያስወጣቸው በር አንድ ነው።

በተወለዱበት ዓመት መመደብ

በየሥልጠናው የሚታየውን ሠንጠረዥ ታውቁታላችሁ። ከ1946 እስከ 1964 የተወለዱት ታማኞች ናቸው። ከ1981 እስከ 1996 የተወለዱት ምስጋና ፈላጊዎች ናቸው። ከ1997 ወዲህ ያሉት ደግሞ ስልክ ላይ የተጣዱ ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ2020 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች ያቋቋሙት የባለሙያዎች ቡድን በዚህ ጉዳይ የተሠሩ ጥናቶችን መርምሮ ነበር። ሠራተኛን በትውልድ ከፋፍሎ ማስተዳደር በቂ የሳይንስ ድጋፍ የለውም ብሏል።

ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም። የ24 ዓመቷ ነርስ መማርና ማደግ ትፈልጋለች። ትንንሽ ልጆች ያሏት ፕሮግራሟን ቀድማ ማወቅ አለባት። የ55 ዓመቷ ደግሞ ወገቧና እንቅልፏ ያሳስቧታል። ግን የዛሬዋ የ55 ዓመት ነርስ በ24 ዓመቷ የምትፈልገው ያንኑ መማርና ማደግ ነበር። ስለዚህ «የየትኛው ትውልድ ናት?» ከማለት «አሁን ሕይወቷ ምን ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ማስተማርን እንደ ነፃ ሥራ መቁጠር

ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። ጎበዝ አንጋፋ ነርስ አለች። አዲስ የተቀጠረ ሁሉ እሷ ጋር ይመደባል። የያዘቻቸው በሽተኞች ግን በአንድ እንኳ አይቀነሱላትም። አዲሷም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እንደ ሙሉ ሰው ትቆጠርና የሌላ ሰው ቦታ ትሸፍናለች። ምን ይፈጠራል? አዲሷ በደም ሥር የሚሰጠውን የግሉኮስ ፍጥነት ልትጠይቅ ስትመጣ አንጋፋዋ ቀና ሳትል ትመልሳለች፤ ሦስት ሰው እየጠራት ነው። አዲሷ «ትንቀኛለች» ብላ ታስባለች። አንጋፋዋ «ምንም ሳይማሩ ነው የሚልኩልን» ትላለች። ከዚያ አስተዳደሩ «የትውልድ ግጭት አለ» ብሎ ሥልጠና ያዘጋጃል፣ ያውም በዕረፍት ቀናቸው! አንድ የማውቀው ዋርድ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። መጀመሪያ ወጣቷ ለቀቀች። ብዙም ሳይቆይ አንጋፋዋ ተከተለቻት። ከሁለቱ አንዷም የሌላዋ ጠላት አልነበረችም። ጊዜ ነው ያጡት።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ማርሊን ክሬመር የተባለችው አሜሪካዊት ነርስና ተመራማሪ፣ ትምህርት ቤት የተማሩትና ዋርድ ላይ የሚጠብቃቸው አልገጥም ሲል አዲስ ነርሶች ስለሚገጥማቸው ድንጋጤ በ1974 ጽፋለች። ፓትሪሺያ ቤነር በ1984 ነርስ ከጀማሪ እስከ ሊቅ የምታልፍባቸውን አምስት ደረጃዎች አሳየች። ጀማሪዋ ደንቡን ይዛ ትሄዳለች። ሊቋ ገና በር ላይ ሆና «ይሄ በሽተኛ ለዓይኔ አላማረኝም» ትላለች። ይህን ዓይን በወረቀት ማስተላለፍ አይቻልም። አብሮ መቆምን፣ «ምን አይተሽ ነው?» ብሎ መጠየቅን ይፈልጋል። ስለዚህ አስተማሪዋ በሽተኛ ይቀነስላት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዲሷ ከተረኞች ቁጥር ውስጥ አትግባ። አስተማሪዋን በየቀኑ አትለዋውጡባት። ማስተማር የማትወደውን ነርስም አታስገድዱ።

«ሰው የለንም፣ በምን እንቀንስ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በፔንስልቬንያ ሆስፒታሎች ሠርተው በ2002 ያወጡት ጥናት አለ። በአንድ ነርስ ላይ አንድ በሽተኛ በተጨመረ ቁጥር የነርሶች የመዛል ዕድል በ23 በመቶ፣ በሥራቸው ያለመርካት ዕድል ደግሞ በ15 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በሽተኞች ሆስፒታል በገቡ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸውም በ7 በመቶ ጨምሯል። ዛሬ በሽተኛ ያልቀነሳችሁላት ነርስ ነገ ስትለቅ፣ የያዘቻቸው በሙሉ ለቀሩት ይከፋፈላሉ።

«ልጅ የላትም፣ እሷ ትግባ»

ያላገባች ነርስ የሁሉንም በዓል ዱቲ (የሥራ ተራ) እንድትሸፍን ማድረግ ግፍ ነው። እሷም እናትና አባት አሏት። ያለማቋረጥ ሌሊት ብቻ የሚሰጣት አዲስ ነርስም እንዲሁ ናት፤ ምክር የሚሰጣት ሰው በሌለበት ሰዓት ነው የምትሠራው። በተቃራኒው ዕድሜ ሲገፋ ከሌሊት ዱቲ በኋላ ቀን መተኛት ይከብዳል። «ድሮ ትችይው ነበር» ማለት መልስ አይሆንም።

የምትጮህን ነርስ ስለ ጉብዝናዋ ብሎ ማለፍ

እጇ የተባረከ ስለሆነ ጀማሪዎችን በበሽተኛ ፊት ስታዋርድ ዝም የሚባልላት ነርስ ብዙ ዋርድ ውስጥ አለች። «እኛም እንዲህ ነው የተማርነው» ይባላል። እሷ አንድ ናት። በእሷ ምክንያት የሚለቁት ግን ስንት ናቸው? ለብቻዋ ጥሯትና በግልጽ ንገሯት። ደግማ ካደረገችው በጽሑፍ ይሁን።

ምስጋናን ለሜይ 12 ማቆየት

የነርሶች ቀን ላይ ኬክ መቁረጥ ደስ ይላል። ግን ደመወዙ ኑሮ ካልሸፈነ፣ ጓንት እየተፈለገ ከታጣ ኬኩ ያናድዳል። ጀማሪዋ የሠራችው ልክ መሆኑን ማወቅ የምትፈልገው ዛሬ፣ ተረኞች ሲቀያየሩ ርክክብ ላይ ነው። አንጋፋዋ ደግሞ አሠራር ሲቀየር አስቀድሞ ሐሳቧን የሚጠይቃት ትፈልጋለች።

ወጣት ስለሆነች ብቻ የዋርዱን ሁሉ ኮምፒውተር እንድትጠግን አታድርጓት።

ጥያቄውን መልቀቂያ ከገባ በኋላ ማንሳት

ያን ጊዜ የምትሰሙት «የቤተሰብ ጉዳይ» ነው። የሥራ ልምድ ወረቀት የምትፈልግ ሰው እውነቱን አትነግራችሁም። እየሠራች ሳለች ጠይቋት፤ ወጣቷንም፣ ጡረታ የቀረባትንም። «በቅርቡ ልልቀቅ ያልሽበት ቀን ነበር? ምን ሆኖ?» በቂ ነው። መልሷ ስለ ዱቲ ከሆነ የሚቀጥለው ወር ፕሮግራም ከመለጠፉ በፊት አስተካክሉት። ካልቻላችሁም ምክንያቱን ራሳችሁ ንገሯት፣ ከሰሌዳ ላይ አታንብበው።