ለልጄ ችፌ የአጃ ውሃ የማዘጋጀው እንዲህ ነው

ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል ክርኑና ጉልበቱ እጥፋት ላይ ችፌ ወጣበት። ሌሊት ሲያክ አድሮ ጠዋት አንሶላው ላይ የደም ነጠብጣብ አገኝ ነበር። ሐኪም ቅባት አዘዘለት። አጃውን የጀመርኩት ከቅባቱ ጋር ነው፤ ቅባቱን አላቋረጥኩም፣ እናንተም እንዳታቋርጡ።

አጃ ውስጥ አቬናንትራማይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። የቆዳን መቆጣትና ማሳከክ ያበርዳሉ። ስታርቹ ደግሞ እንደ ስስ ሽፋን ሆኖ እርጥበት ይይዛል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የላመ አጃን በ2003 እ.ኤ.አ. ከቆዳ መከላከያዎች ተርታ አስገብቶታል።

የተፈተገ፣ ያልተቆላ፣ ስኳር ያልገባበት አጃ ውሰዱ። ገለባ ካለው ይቧጭራል። በመፍጫ ደጋግማችሁ አልሙት። በርበሬ የተፈጨበትን መፍጫ ግን አደራ! ከዚያ አንድ ማንኪያ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ አማስሉ። ውሃው ወተት መስሎ፣ በጣት ሲነካ ሙልጭልጭ ካለ ደርሷል። ታች ከዘቀጠ መልሳችሁ ፍጩት። እኔ መጀመሪያ ቸኩዬ ሻካራውን ነበር የተጠቀምኩት። ሳፋው ሥር እንደ አሸዋ ተኛ፤ ልጄም እየተነጫነጨ ወጣ።

ከማጠባችሁ አንድ ቀን በፊት ጥቂቱን በውሃ በጥብጣችሁ ክንዱ ላይ ሞክሩ። ከቀላ ወይም ካበጠ ተዉት። አጃ ሲበላ የማይስማማው ልጅ ከሆነም አትሞክሩት።

ደህና ከሆነ፣ ለብ ያለ ውሃ በያዘ የልጅ ሳፋ ውስጥ ግማሽ ብርጭቆ ያህል ዱቄት በትኑ። ሙቅ ውሃ ማሳከኩን ያባብሳል። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሳሙና የለም፣ መፈተግ የለም፤ በእፍኝ እያፈሰሱ ማርጠብ ብቻ። ሳፋው ስለሚያዳልጥ እጃችሁ ከልጁ አይለይ። ሲወጣ በለስላሳ ፎጣ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁት። ቆዳው ገና እርጥበት እያለው ቫዝሊን ቀቡት። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይሄን ነው፤ ካልተቀባ ከበፊቱ ብሶ ይደርቃል።

ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ በሎሚ፣ እሬት ይላችኋል። ለፍቅር ብለው ነው፣ አውቃለሁ። ነጭ ሽንኩርት ግን የልጅ ቆዳ ያቃጥላል። ሎሚ የተቀባ ቆዳም ፀሐይ ሲያገኘው ውኃ ይቋጥራል። የእሬት ቅጠል ከልጣጩ ሥር ያለው ቢጫ ፈሳሽ ራሱ ቆዳ ያስቆጣል።

ቁስሉ ቢጫ ፈሳሽ ካወጣ፣ ቅርፊት ከሠራ ወይም ልጁ ካተኮሰው አጃውን ትታችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።