የደረቀ የአትክልት መክሰስ ለውሻ፦ ችግርና መፍትሄ

ስራው ሲታይ የልጅ ጨዋታ ነው። አትክልቱ ይታጠባል፣ ይቆረጣል፣ ይደርቃል፣ ለውሻው ይሰጣል። ጨው የለ፣ ዘይት የለ፣ ቅመም የለ። ጉዱ የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ ይህ ሁሉ አልቆ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። አንዱ "በሳምንቱ ሻገተብኝ" ይላል። ሌላው "ድንጋይ ሆነብኝ" ይላል። የሦስተኛው ውሻ ደግሞ አሽትቶት ዞሮ ሄዷል። ሲመረመር አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከችኮላ ነው። ወይ ቶሎ ይድረቅ ተብሎ ሙቀቱ ተጨምሯል፣ ወይ ውሃው ሳያልቅ ተከድኗል።

በሳምንት በሁለት ሳምንት ሻገተ

ጠርሙሱ ሲከፈት የታፈነ ሽታ ይወጣል። ቁራጮቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ጸጉር መሳይ ነገር ይታያል።

መጀመሪያ ሙሉውን ጣሉት። የሻገተውን ለቅሞ ቀሪውን ማትረፍ የሚባል ነገር የለም። ሻጋታ ለዓይን ከመታየቱ በፊት ይሰራጫል። አንዳንዱ ዓይነት የሚያመነጨው መርዝ ደግሞ ውሻን ያንቀጠቅጣል፣ ሲብስም ያንፈራግጣል። አጣጣሉም ላይ ጠንቀቅ በሉ። ክዳን የሌለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከወረወራችሁት ውሻው ራሱ ሄዶ ያወጣዋል።

መንስኤው ውስጥ የቀረ ውሃ ነው። ብዙ ሰው ድርቀቱን የሚፈትነው ቁራጩ ገና ትኩስ እያለ ነው። ትኩስ ሲሆን ግን የደረቀውም ያልደረቀውም ለስለስ ስለሚል መለየት አይቻልም። ሁለት ሦስት ቁራጭ አውጡና በደንብ ይቀዝቅዝ። ከዚያ እጠፉት። ካሮት ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ወፈር ያለ ስኳር ድንች ቢታጠፍ ችግር የለውም፤ ነገር ግን ቀድዳችሁ ስትጫኑት መሃሉ ላይ ምንም እርጥበት መታየት የለበትም።

ከእጅ ይልቅ የሚታመነው ሚዛን ነው። ካሮት 88 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ የተላጠ ካሮት በደንብ ሲደርቅ 130 ግራም አካባቢ ይሆናል። ሚዛኑ 200 ካለ 70 ግራም የሚሆን ውሃ አሁንም እዚያው አለ ማለት ነው፤ ላዩ ምንም ያህል ደረቅ ቢመስል መልሱት። ከአንድ ኪሎ ዱባ 90 ግራም ገደማ፣ ከአንድ ኪሎ ስኳር ድንች ደግሞ 250 ግራም ገደማ ይተርፋል። ዝኩኒማ 95 በመቶው ውሃ ስለሆነ ከኪሎው የሚገኘው 55 ግራም ቢሆን ነው። በእኔ በኩል ድካሙን አያካክስም። ለማንኛውም ከመጀመራችሁ በፊት የጥሬውን ክብደት ወረቀት ላይ ጻፉት፤ በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

ከደረቀ በኋላም ወዲያው አሽጎ መርሳት አይደለም። አንዱ ቁራጭ ከሌላው ትንሽ የበለጠ እርጥበት መያዙ አይቀርም። ስለዚህ ጠርሙሱን ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ሙሉትና ከ7 እስከ 10 ቀን በየቀኑ ነቅነቅ አድርጉት። እርጥበቱ እኩል ይዳረሳል፣ የሚጣበቅ ካለም ይላቀቃል። በእነዚህ ቀናት የጠርሙሱ ግድግዳ ከውስጥ ካላበው አትደንግጡ። ሻጋታ ገና ከሌለ በዚያው ቀን አውጥታችሁ ማድረቂያው ላይ መልሱት። ላቡን አይታችሁ "ነገ እናያለን" ካላችሁ ግን ነገ የምታዩት ጸጉሩን ነው።

ፀሐይ ላይ የሚያሰጡም አሉ። ፍራፍሬ አሲዱና ስኳሩ ስለሚረዳው ፀሐይ ላይ ይደርቃል። አትክልት ግን ሁለቱም ስለሚያንሱት ሳይደርቅ የመበላሸት ዕድሉ ሰፊ ነው። ለአትክልት ማሽን ወይም ኦቭን ይሻላል።

ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ እርጥብ

ይህኛው በጣም አታላይ ነው። በእጅ ሲነካ ጠንካራ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ሲጣል ይንቋቋል። ለሁለት ሲቆረጥ ግን መሃሉ ላይ ጠቆር ያለ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ እምብርት አለው።

የሆነው ይህ ነው። ሙቀቱ ሲበዛ የላዩ ውሃ ቶሎ ይተናል፣ ላዩም ተጨማድዶ ይዘጋል። የውስጡ ውሃ መውጫ ያጣል። ከዚያ በኋላ ሰዓት ብትጨምሩም ላዩ ይበልጥ ይጠነክራል እንጂ ውስጡ አይደርቅም።

ለአትክልት የሚስማማው ሙቀት ከ52 እስከ 57 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በማድረቂያ ማሽን ቀላል ነው። ኦቭን ላይ ነው ችግሩ፤ ብዙ ኦቭን ዝቅተኛው ሙቀቱ ከዚህ በላይ ነው። ያላችሁ ኦቭን ብቻ ከሆነ ዝቅተኛው ላይ አድርጉትና በሩን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት፤ ሙቀቱም ይበርዳል፣ እንፋሎቱም ይወጣል። ማራገቢያ ካለው አስነሱት። የኦቭን ቁልፍ የሚያሳየው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ሙቀት ጋር ስለማይገጥም፣ ትሪው አጠገብ የሚቀመጥ ቴርሞሜትር ቢኖር ግምት ይቀራል። ደግሞ ልጆችና ውሻው ራሱ በተከፈተ ኦቭን አጠገብ እንዳያልፉ።

የተበላሸውን ማዳን የሚቻለው በከፊል ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ በመቀስ ሰንጥቃችሁ እርጥቡን ክፍል አጋልጡትና በትክክለኛው ሙቀት እንደገና አድርቁት። ቅርጹ አያምርም፤ ውሻ ግን ስለ ቅርጽ አይጠይቅም። ይህን ማድረግ ካልፈለጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡና በሦስት አራት ቀን ውስጥ ስጡት። ጠርሙስ ውስጥ ግን አይገባም።

ግማሹ ደረቀ፣ ግማሹ አልደረቀም

እዚህ ላይ ተጠያቂው ቢላዋ ነው። አንዱ ቁራጭ 3 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ አብረው ሊደርቁ አይችሉም። ለአብዛኛው አትክልት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው፤ ቀጭ የሚል ከፈለጋችሁ 3። ውፍረቱን የሚያስተካክል መክተፊያ ካላችሁ ተጠቀሙበት፣ ጣታችሁን ግን ጠብቁ።

ቁራጮቹ እንዳይነባበሩ፤ በመካከላቸው አየር ይለፍ። ማሽኑ ማራገቢያው ከታች ከሆነ የታችኛው ትሪ ቀድሞ ስለሚደርቅ በየሁለት ሰዓቱ ቦታ አቀያይሩ። የደረቀውን እየለቀማችሁ አውጡ፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይውጣ የሚል ሕግ የለም።

ትሪው ላይ የሚጣበቀው ደግሞ ስኳሩ የበዛው ነው፤ ስኳር ድንችና ቀይ ስር። የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉና ላዩ ሲደርቅ ገልብጡት፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወረቀቱን አውጡት፣ አለዚያ ከታች አየር አያገኝም።

ቀለሙ ተቀየረ

ስኳር ድንች ተቆርጦ ሲቆይ ይጠቁራል። ፎሶሊያ ይገረጣል፣ ካሮት ይደበዝዛል። ይህን የሚያደርጉት አትክልቱ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ናቸው፤ ማድረቅ ብቻውን አያቆማቸውም። የሚያቆማቸው ፈጣን ሙቀት ነው። ካሮትና ፎሶሊያ ለሦስት አራት ደቂቃ በእንፋሎት ወይም በፈላ ውሃ ይንኩ፣ ወዲያው በረዷማ ውሃ ውስጥ ይግቡ፣ በንጹህ ፎጣ ይድረቁ። ይህ ቀለሙን ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ ማድረቂያው ላይ የሚፈጀውን ሰዓትም ያሳጥራል።

ስኳር ድንችን ግን ማስነካት አይበቃውም፤ መብሰል አለበት። ጥሬው ለውሻ ሆድ ይከብዳል። ሹካ እስኪገባለት ቀቅሉት፤ እስኪፈራርስ ግን አይደለም። ከዚያ ይቀዝቅዝና ቁረጡት። ሲቀዘቅዝ ጠንከር ስለሚል ቢላዋው ስር አይጨማለቅም።

የደረቀ ካሮት ላይ ነጭ አመድ መሳይ ነገር ካያችሁ ሁልጊዜ ሻጋታ አይደለም። በእርጥብ ጣት ነክታችሁ ነጩ ከጠፋና ሽታ ከሌለው የድርቀት ምልክት ነው። ከፍ ብሎ የቆመ ጸጉር ካለው ወይም ሽታው ከተቀየረ ስለ ሻጋታ ወደተጻፈው የመጀመሪያ ክፍል ተመለሱና የተባለውን አድርጉ። ከተጠራጠራችሁም እንደዚያው።

በጣም ጠነከረ

ደርቋል፣ አልሻገተም፣ ግን ሲነከስ ድንጋይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው በወፍራሙ የተቆረጠ ስኳር ድንች ላይ ነው። አንዳንዶች ውሻው ረጅም ሰዓት ያኝከው ብለው ሆን ብለው ያወፍሩታል። እኔ አልወደውም። ጥርስ ሊሰነጥቅ ይችላል፣ ሳያኝክ የሚውጥ ውሻ ደግሞ ሊታነቅበት ይችላል። የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ላዩ ላይ ጫን አድርጉት። ምንም ምልክት ካልተወና በእጅም ካልተሰበረ አትስጡት።

የጠነከረው አይጣልም። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ቢቆይ ይለሰልሳል፤ የራሰው በዚያው ቀን ይበላ። አለዚያ ፈጭታችሁ ምግቡ ላይ ነስንሱለት። ለቡችላና ጥርሱ ላለቀ ውሻ እንዲያውም ዱቄቱ ይመረጣል። ለሌላ ጊዜ አሳንሳችሁ ቁረጡ። ድቡልቡል የካሮት ቁራጭ ጉሮሮ ላይ ስለሚቀር፣ ካሮትን በቁመቱ ቀጫጭን አድርጎ መሰንጠቅ ይሻላል።

ውሻው አፍንጫውን አዞረ

ውሻ ቀድሞ የሚበላው በአፍንጫው ነው፤ የደረቀ ፎሶሊያ ደግሞ ብዙም ሽታ የለውም። በስኳር ድንችና በዱባ ጀምሩ፤ ጣፋጭ ስለሆኑ አብዛኛው ውሻ አይጠላቸውም። እምቢ ካለ ጨው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ያልነካው የስጋ መረቅ፣ ስቡ ከላዩ ተገፎ፣ ቁራጮቹ ላይ በስሱ ተቀብቶ ይድረቅ። መረቅ የነካው ግን ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ በሳምንት ውስጥም ማለቅ አለበት።

ከመረቅ አልፎ ስጋውን ራሱን ላድርቅ ካላችሁ ጨዋታው ሌላ ነው። የአትክልቱ ሙቀት ስጋ ውስጥ ያለውን ጀርም አይገድልም። ቀይ ስጋ 71 ዲግሪ፣ ዶሮ 74 ዲግሪ ውስጡ ድረስ ሳይደርስ ማድረቂያ ላይ መውጣት የለበትም።

ከበላ በኋላ ሆዱ ተረበሸ

ሰገራው ቀጠነ፣ ጋዙ በዛ፣ ወይ አስመለሰው። መጀመሪያ የሚጠረጠረው መጠኑ ነው። የደረቀ ነገር ዓይን ያታልላል። 100 ግራም የደረቀ ካሮት ማለት ከ700 ግራም በላይ ጥሬ ካሮት ነው፤ ማንም በአንድ ቀን ያን ያህል ካሮት ለውሻው ቆርጦ አይሰጥም። ሆዱ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ውሃ መጥጦ ያብጣል፤ ስለዚህ የመጠጥ ውሃው ባዶ እንዳይሆን።

መክሰስ ሁሉ ተደምሮ ከቀኑ ካሎሪ 10 በመቶ ባይበልጥ ይመከራል። 10 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ጎልማሳ ውሻ በቀን 600 ካሎሪ አካባቢ ያስፈልገዋል እንበል። አስር በመቶው 60 ነው፤ ይህ በደረቀ ስኳር ድንች ሲመነዘር 18 ግራም ገደማ ነው። አንድ ጊዜ መዝናችሁ መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ እዩት፣ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይገባችኋል። አዲስ አትክልት ስትጀምሩ ከዚህም አሳንሱ፣ በአንድ ጊዜም አንድ ዓይነት ብቻ ስጡ፤ ሆዱ ቢረበሽ የቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሰገራው ውስጥ ብርቱካናማ ቁርጥራጭ ካያችሁ ካሮቱ ሳይፈጭ አልፏል፤ በሽታ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ አብስላችሁ አድርቁት ወይም ፍጩት። ቀይ ስር በልቶ ሰገራው ወይም ሽንቱ ቢቀላም ከዚያው ነው። ቀይ ስር ካልበላ ግን መቅላቱ የሐኪም ጉዳይ ነው። የኦክሳሌት ጠጠር (ሽንት መንገድ ላይ የሚፈጠር ድንጋይ መሳይ ነገር) ታሪክ ያለበት ውሻ ቀይ ስር፣ ስፒናችና ስኳር ድንች ሐኪሙን ሳትጠይቁ አይቅመስ። የስኳር ሕመም ያለበትም እንደዚያው፤ ጣፋጩ አትክልት ሲደርቅ ስኳሩም ይከማቻል።

በማስተካከያ የማይመለስ ነገርም አለ። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርትና ዘመዶቻቸው ሁሉ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ። ማድረቅ መርዙን አያጠፋውም፤ ውሃው ሲወጣ እንዲያውም በግራም ሲታይ ይበዛል። ምልክቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል። ከቀናት በኋላ ውሻው ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ወይንና ዘቢብ ደግሞ ኩላሊቱን ይጎዳሉ፤ አረንጓዴ የሆነ ድንችም አይሰጥም። ከእነዚህ አንዱን መብላቱን ካወቃችሁ ምልክት አትጠብቁ፣ ወደ እንስሳት ሐኪም ደውሉ። እናንተ የምትበሉትን ነጭ ሽንኩርት ባደረቃችሁበት ትሪ የውሻውን ስትሰሩም በደንብ ታጥቦ ይሁን።

ከወራት በኋላ ሽታውም ጣዕሙም ጠፋ

ብርሃንና ሙቀት ናቸው። ምድጃ አጠገብ ያለ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ጠርሙስ ያምራል፣ ዕድሜው ግን ያጥራል። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ፣ አየር የማያስገባ ክዳን፣ ላዩ ላይ የተጻፈ ቀን። በዚህ ሁኔታ የደረቀ አትክልት ስድስት ወር ገደማ ይቆያል። አንዱን ትልቅ ጠርሙስ በየቀኑ ከመክፈት በትናንሽ ጠርሙሶች መከፋፈል ይሻላል፤ በተከፈተ ቁጥር የሚገባው አየር እርጥበት ይዞ ነው የሚገባው። ለስልጠና ኪስ ውስጥ የከተታችሁት ደግሞ ቢተርፍ ወደ ጠርሙሱ አይመለስ፤ የእጅ ላብና የውሻ ምራቅ ነክቶታል። በዚያው ቀን ይጨርሰው።