የነፍሳትን ሳይንሳዊ ስም ትርጉም እንዴት መፍታት ይቻላል?

ስሙን በላቲን ፊደል፣ አንዲት ሆሄ ሳትጎድል ይያዙ። በአማርኛ የተጻፈው ለማንበብ እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የእኛ «ክ» የላቲኑን ሲ፣ ኬ፣ ኪው፣ አንዳንዴም የሲ እና ኤች ጥምርን ስለምትውጥ የቱ እንደነበረ መልሶ ማወቅ አይቻልም። ከስሙ ቀጥሎ ያለውን የሰያሚ ስምና ዓመትም ይገልብጡ፤ ቅንፍ ካለው ከነቅንፉ።

የበረሃ አንበጣን እንውሰድ፦ ሺስቶሰርካ ግሬጋሪያ (ፎርስኮል፣ 1775 እ.ኤ.አ.)። የመጀመሪያው ቃል ወገኑ፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚጠቃለሉበት ምድብ፣ ሁለተኛው ዝርያው ነው። ቅንፉ ዝርያው መጀመሪያ በሌላ ወገን ሥር ተሰይሞ እንደነበር ይናገራል፤ ፎርስኮል ያወጣው ስም ግሪለስ ግሬጋሪየስ ነው። ሺስቶሰርካ አንስታይ ስም ስለሆነ፣ ዝርያው ወደዚያ ሲዛወር የቃሉ መጨረሻ ተለወጠ። በድሮ ጽሑፍ ውስጥ «ግሬጋሪያ» ብለው ቢፈልጉ ላያገኙት የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ዓመቱ ደግሞ የኅትመቱ ነው፤ ፎርስኮል ራሱ የሞተው በ1763 የመን ውስጥ ነበር።

የዝርያውን ስም ከመጨረሻው ይጀምሩ። «ኤንሲስ» ቦታ ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የተሰየመው የአገራችን ንብ፣ ኤፒስ ሜሊፌራ ሲሜንሲስ፣ ስሙን ያገኘው ከሰሜን ተራሮች ነው። በአይ የሚያልቅ ብዙ ጊዜ የወንድ፣ በኤ እና ኢ ጥምር የሚያልቅ የሴት መታሰቢያ ነው። ብዙ ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም፦ «ኢጂፕቲ» የግብፅ፣ «ጋምቢኤ» የጋምቢያ ማለት ነው። ግሬጋሪያ ግን ተራ የላቲን ቅጽል ነው፤ በመንጋ የሚኖር።

ሰው የሚሳሳተው ወገኑ ላይ ነው። የወገን ስም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የግሪክ ቃላት ተጣብቀው የሚሠሩት ስለሆነ መገጣጠሚያውን ማግኘት ያስፈልጋል። የግሪክ መዝገበ ቃላት ከመግለጥዎ በፊት የላቲን ልብሱን ያውልቁለት፦ ሲ ወደ ካፓ፣ ሲ ከኤች ጋር ወደ ኺ፣ ፒ ከኤች ጋር ወደ ፊ፣ ዋይ ወደ ኡፕሲሎን ይመለሳል። «ሺስቶስ» የተሰነጠቀ ማለት ነው። ቀሪው «ሰርካ» ወጥመድ አለው፤ ከ«ሴራ» የሚለየው በአንዲት ሲ ፊደል ብቻ ነው። ሴራ ከ«ኬራስ»፣ ቀንድ፣ የመጣ ሲሆን በነፍሳት ስም ብዙውን ጊዜ አንቴናን ያመለክታል። ሰርካ ግን ከ«ኬርኮስ»፣ ጅራት፣ ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው «የተሰነጠቀ አንቴና» ብሎ ይተረጉማል፤ የአንበጣ አንቴና ግን የተሰነጠቀ አይደለም። ወንዱን ገልብጠው በአጉሊ መነጽር የሆዱን ጫፍ ቢያዩ፣ በታች በኩል ያለው የመጨረሻ ሽፋን መሃሉ ላይ ተሰንጥቋል። ትርጉም ሁልጊዜ ከነፍሳቱ አካል ጋር ይመሳከር።

መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ቃሉ ከጠፋ ሥሩ ተለውጦ ይሆናል፤ ጠጉር በግሪክ «ትሪክስ» ቢሆንም በስም ውስጥ የሚገባው «ትሪኮ» ሆኖ ነው።

የኮምፒዩተር ተርጓሚን ለዚህ አልመክርም፤ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ሁሉ ላቲን አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ኤዴስ የተባለችውን የወባ ትንኝ ዘመድ ይመልከቱ። በላቲን ቃሉ ቤት ማለት ነው፤ ትንኟ ቤት ስለምትገባ ትርጉሙ ልክ ይመስላል፣ ግን ስህተት ነው። የነፍሳት ተመራማሪው ሜይገን በ1818 እ.ኤ.አ. ስሙን ሲያወጣ ኢ ፊደል ላይ ሁለት ነጥብ አድርጎ ነበር። ነጥቦቹ ኤ እና ኢ ተለያይተው ይነበቡ ለማለት ነው፤ ያ ደግሞ ደስ የማይል ወደሚለው የግሪክ ቃል ይወስዳል። የዛሬው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ስያሜ ሕግ እንዲህ ያለ ምልክት ስለማይፈቅድ ነጥቦቹ ወድቀዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ይፈልጉ፤ ባዮዳይቨርሲቲ ሄሪቴጅ ላይብረሪ የተባለው የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት የቆዩትን በነፃ ያስነብባል። አዳዲስ ጽሑፎች የስሙን አመጣጥ ለብቻው ያስቀምጣሉ፤ የድሮዎቹ ብዙዎቹ ምንም አይሉም።

ሥሩ በፍጹም አልገኝ ካለ፣ ሥር ላይኖረው ይችላል። ሕጉ ዝም ብሎ የተገጣጠሙ ፊደላትንም ይቀበላል፤ አርኖልድ ሜንኬ በ1977 እ.ኤ.አ. አንዲትን የአውስትራሊያ ተርብ «አሃ ሃ» ብሎ ሰይሟል።