የባንክ እንቅስቃሴን ከኤክሴል ወደ ሒሳብ ፕሮግራም ማስገባት፦ ሥራው ያለው ሺቱ ላይ ነው

ባንካችሁ የሰጣችሁ የኤክሴል ፋይል እጃችሁ ላይ አለ። የግል ሒሳባችሁን የምትይዙበት ፕሮግራምም አለ። ሁለቱ ግን አይግባቡም። ፕሮግራሙ ወይ ፋይሉን ጨርሶ አልቀበልም ይላል፣ ወይ ደግሞ ይቀበልና ወጪውን ገቢ፣ ሦስተኛውን ወር አምስተኛ አድርጎ ይመዘግበዋል። ሁለተኛው ይብሳል፣ ምክንያቱም ቶሎ አይታወቅም።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ የሚቀይርለት ሶፍትዌር ፍለጋ ይጀምራል። ፎርማት መቀየሩ ራሱ ግን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ጊዜ የሚበላውም ስህተት የሚፈጠረውም ከዚያ በፊት፣ እዚያው ሺቱ ላይ ነው። ስለዚህ እኔም ብዙውን ቦታ የምሰጠው ለጽዳቱ ነው።

የትኛው ፎርማት?

መጀመሪያ የባንካችሁን የማውረጃ ገጽ ደህና አድርጋችሁ እዩት። ኦኤፍኤክስ (OFX፣ ለሒሳብ ፕሮግራሞች የተዘጋጀ የፋይል ዓይነት) የሚል ምርጫ ካለ እሱን አውርዱና በቀጥታ አስገቡ፣ ሌላ ልፋት አያስፈልግም። ከሌለ ግን ሦስት መንገድ አለ።

ሲኤስቪ (CSV) በኮማ የተከፋፈለ ተራ ጽሑፍ ነው። ግኑካሽና ኬማይመኒ የሚባሉት የሒሳብ ፕሮግራሞች ይቀበሉታል፣ የትኛው ኮለም ቀን የትኛው መጠን እንደሆነም ሲያስገቡ ይጠይቋችኋል። ሆምባንክ የሚባለውም ይቀበላል፤ እሱ ግን ኮለሞቹ እሱ ባስቀመጠው ቅደም ተከተል እንዲደረደሩ ይፈልጋል። ኪውአይኤፍ (QIF) ክዊክን የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ያመጣው የቆየ ፎርማት ነው። ብዙ ፕሮግራም ያነበዋል፣ ግን ለትራንዛክሽኑ መለያ ቁጥር የለውም፣ ገንዘቡ የየት አገር እንደሆነ አይናገርም፣ ቀኑ ከወር ይጀምር ከቀን አይገልጽም። ኦኤፍኤክስን እ.ኤ.አ. በ1997 ማይክሮሶፍት፣ ኢንቱዊትና ቼክፍሪ በጋራ ያወጡት ነው። እነዚህ ሦስት ነገሮች በሙሉ አሉት፤ በእጅ ለመሥራት ግን ከሁሉም ይከብዳል።

የእኔ ምክር፦ ፕሮግራማችሁ ሲኤስቪ የሚቀበል ከሆነ እዚያው ላይ ቁሙ። ሌሎቹን የምትሞክሩት ግድ ሲሆን ብቻ ነው።

ሺቱን ማጽዳት

ከባንክ የመጣውን ፋይል አትንኩት። ኮፒ አድርጉና በኮፒው ላይ ሥሩ። አንድ ነገር ሲበላሽ የምትመለሱበት ዋናው ሳይነካ መቀመጥ አለበት።

ከላይ ያለውን የባንክ ስም፣ የሒሳብ ባለቤት ስም፣ የተዋሃዱ ሴሎች፣ ከታች ያለውን የድምር ረድፍ፣ ገጽ በተለወጠ ቁጥር እንደገና የሚመጣውን ርዕስ፣ ሁሉንም አጥፉ። የመነሻና የመጨረሻ ቀሪ ሒሳቡን ግን ሌላ ቦታ ጻፉት፣ በኋላ ትፈልጉታላችሁ። መጨረሻ ላይ የሚቀረው አንድ የርዕስ ረድፍ፣ ከሥሩ ደግሞ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አንድ ረድፍ ብቻ ነው፦ ቀን፣ መግለጫ፣ መጠን፣ ካለም የባንኩ ማጣቀሻ ቁጥርና ባላንስ።

አሁን ወደ ቀኑ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፣ እኔንም ሁለት ሌሊት ያስለፋኝ እሱ ነበር። ባንኩ ቀኑን 03/05/2024 ብሎ ጽፎ፣ እሱ 3ኛውን ቀን በ5ኛው ወር ማለቱ ነው እንበል። ኮምፒውተራችሁ ወርን በሚያስቀድም አጻጻፍ ከተስተካከለ ኤክሴል ይህን 5ኛው ቀን በ3ኛው ወር አድርጎ ያነበዋል። ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። 25/05/2024 ላይ ሲደርስ ግን 25ኛ ወር ስለሌለ መቀየሩን ትቶ እንደ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ውጤቱ ምን ይሆናል? በየወሩ ከ1 እስከ 12 ያሉት ቀኖች ተገላብጠው፣ ከ13 ጀምሮ ያሉት ጽሑፍ ሆነው፣ አንድ ኮለም ውስጥ ተደባልቀው ይቀመጣሉ። ተገላብጦ የማይጎዳው ቀኑና ወሩ እኩል የሆነው ብቻ ነው።

ይህን መለየት ቀላል ነው። ኤክሴል ካልነካካችሁት በቀር ትክክለኛ ቀንን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ አስጠግቶ ያሳያል። በቀኑ ኮለም ውስጥ ሁለቱንም ካያችሁ ወደ ቀኝ የተጠጉትን አትመኑ።

መፍትሔው እንደ ፋይሉ ይለያያል። የመጣው ሲኤስቪ ከሆነ ደብል ክሊክ አድርጋችሁ አትክፈቱት። ከኤክሴል ውስጥ በዳታ ማስገቢያው በኩል አምጡትና የቀኑን ኮለም እንደ ጽሑፍ ይያዝ በሉት፤ በሊብረኦፊስ (ኤክሴልን የሚተካ ነጻ ፕሮግራም) ደግሞ ፋይሉ ሲከፈት በሚመጣው መስኮት ላይ ኮለሙ ከቀን የሚጀምር መሆኑን መንገር ይቻላል። የመጣው ኤክሴል ሆኖ ቀድሞ የተደባለቀ ከሆነ አዲስ ኮለም ክፈቱና ፎርሙላ ጻፉ፦ ሴሉ ቁጥር ከሆነ (ኤክሴል እንደ ቀን የያዘው ማለት ነው) ወሩንና ቀኑን አቀያይር፣ ጽሑፍ ከሆነ ቁርጥራጮቹን አውጥተህ ቀን ሥራ። ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ዓመት ቀድሞ፣ ወር ተከትሎ፣ ቀን መጨረሻ የሚመጣበትን አጻጻፍ ተጠቀሙ፣ እንደ 2024-05-03። ይህ ለሌላ ትርጉም ቦታ አይሰጥም።

መጠኑ ላይ ደግሞ ሁለት ጣጣ አለ። የመጀመሪያው፣ ቁጥር የሚመስለው ቁጥር ላይሆን ይችላል። 1,250.00 ከፊቱ የማይታይ ክፍት ቦታ ካለው ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል፣ የመደመሪያው ፎርሙላም ዝም ብሎ ይዘለዋል፤ ድምሩ ሲጎድል ለምን እንደጎደለ አይታያችሁም። ያቺ ክፍት ቦታ ብዙ ጊዜ ከድረ ገጽ የምትመጣው ኮድ ቁጥሯ 160 የሆነችው ስለሆነች ተራው የክፍት ቦታ ማጽጃ ፎርሙላ አያጠፋትም። አንዷን ኮፒ አድርጉና በፈልጎ መተኪያው በባዶ ተኩ። የሺ መለያ ኮማውንም በዚያው አንሱት።

ሁለተኛው ምልክቱ ነው። ባንኮች ብዙ ጊዜ ወጪና ገቢን በሁለት ኮለም ይለያሉ፣ ፕሮግራሞች ደግሞ በአብዛኛው አንድ ኮለም ይፈልጋሉ፤ ገቢ ሲቀነስ ወጪ የሚል ፎርሙላ ብትጽፉ ገቢው አዎንታዊ፣ ወጪው አሉታዊ ሆኖ ይወጣል። ዴቢትና ክሬዲት የሚሉት ቃላት ግን እንዳያምታቷችሁ። ባንኩ የሚጽፈው ከራሱ ወገን ሆኖ ነው፣ የእናንተ ገንዘብ ለእሱ ዕዳ ስለሆነ ሲገባ ክሬዲት ይለዋል፣ በእናንተ መዝገብ ግን ያው ገንዘብ ዴቢት ነው። የክሬዲት ካርድ ዝርዝርም ግዢን በአዎንታዊ ቁጥር የሚጽፍበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ኮለሙን በሙሉ በአሉታዊ 1 አባዙት።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ኤክሴል ከአንድ ቁጥር የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ነው። ባለ 16 አሃዝ የካርድ ወይም የማጣቀሻ ቁጥር እንደ ቁጥር ከገባ የመጨረሻው አሃዝ ዜሮ ይሆናል፣ ከፊት ያሉ ዜሮዎችም ይጠፋሉ። እነዚህን ገና ሲገቡ እንደ ጽሑፍ ያዟቸው፣ አንዴ ከጠፉ ከዋናው ፋይል በቀር የሚመልሳቸው የለም።

ባላንሱ ይመስክር

ይህን ደረጃ አትዝለሉት፣ እለምናችኋለሁ። ያለፈው ረድፍ ባላንስ ሲደመር የዚህ ረድፍ መጠን፣ ሲቀነስ የዚህ ረድፍ ባላንስ፣ ዜሮ መሆን አለበት። ይህን በአንድ ኮለም እስከ ታች ጎትቱት፣ ሁለት ዴሲማል ላይ አጠጋጉት፣ አለዚያ ኮምፒውተሩ በሽርፍራፊ ምክንያት ዜሮ ያልሆነ ጥቃቅን ቁጥር ያሳያችኋል። ዜሮ ያልሆነ ረድፍ ካለ ስህተቱ እዚያው ነው። አንዱም ረድፍ ዜሮ ካልሆነ ደግሞ ባንኩ አዲሱን ከላይ አድርጎ ደርድሮት ይሆናል፣ አገላብጡትና እንደገና እዩት። ባላንስ የሌለው ዝርዝር ከሆነ ቢያንስ መነሻው ሲደመር ድምሩ ከመጨረሻው ቀሪ ጋር ይግጠም።

ማስቀመጥና መቀየር

ሴቭ ስታደርጉ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን የሲኤስቪ ዓይነት ምረጡ፣ በግዕዝ ፊደል የጻፋችሁት መግለጫ ወደ ጥያቄ ምልክት እንዳይቀየር። ከዚያ ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቱና ቀኑ እንዴት እንደተጻፈ በዓይናችሁ እዩ። በኤክሴል መልሳችሁ ከፍታችሁ ሴቭ ካደረጋችሁት ግን የቀኑን አጻጻፍ ሊቀይረው ይችላል።

ኪውአይኤፍ ከተፈለገ የመጀመሪያው መስመር የሒሳቡን ዓይነት ይናገራል። ቀጥሎ እያንዳንዱ መረጃ በየራሱ መስመር ይሰፍራል፤ ቀኑ በእንግሊዝኛው ዲ፣ መጠኑ በቲ፣ የተከፈለው ሰው በፒ፣ ማስታወሻው በኤም፣ ምድቡ በኤል ይጀምራል፣ ትራንዛክሽኑም ^ ብቻዋን ባለችበት መስመር ይዘጋል። ይህን ኤክሴል ውስጥ በአንድ ፎርሙላ መገጣጠም ይቻላል። ከኤክሴል ወደ ኖትፓድ ስትገለብጡት የሚጨመሩትን ትእምርተ ጥቅሶች ማጥፋት እንዳትረሱ።

ኦኤፍኤክስን በእጅ አትሥሩት። በፓይተን የተጻፉ ኦኤፍኤክስስቴትመንትና ሲኤስቪ2ኦኤፍኤክስ የሚባሉ ነጻ መሣሪያዎች አሉ፣ የሚሠሩትም በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ነው። ፋይላችሁን ጭናችሁ ተቀይሮ የሚመለስባቸው ድረ ገጾች ላይ ግን የባንክ ዝርዝራችሁን አትጫኑ። የት እንደምትሠሩ፣ ስንት እንደምታገኙ፣ ለማን ገንዘብ እንደምትልኩ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ።

ኦኤፍኤክስ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እያንዳንዱ ትራንዛክሽን መለያ ቁጥር ይፈልጋል፣ ፕሮግራሙም ይህን ገባ ይህን አልገባም የሚለው በእሱ ነው። ባንኩ ማጣቀሻ ቁጥር ከሰጠና ካልተደጋገመ እሱን ተጠቀሙ። ካልሰጠ የረድፉን ቁጥር ብቻ አትጻፉ፤ በሚቀጥለው ወር ዝርዝሩን ከሌላ ቀን ጀምራችሁ ስታወርዱ 14ኛው ረድፍ ሌላ ነገር ይሆንና ፕሮግራሙ አዲሱን «ገብቷል» ብሎ ይጥለዋል። ቀኑንና መጠኑን አጋጥሙ፣ በዚያ ቀን ያው መጠን ስንተኛ ጊዜው እንደሆነም መጨረሻ ላይ ጨምሩበት። እንዲህ ካደረጋችሁ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ 200 ብትከፍሉ ሁለቱም ይገባሉ፣ ዝርዝሩን የምታወርዱት ከሙሉ ቀን እስከ ሙሉ ቀን እስከሆነ ድረስም ቁጥሩ አይለወጥም።

ማስገባት

መጀመሪያ የፕሮግራሙን ፋይል ባክአፕ አድርጉ። ቀጥሎ አምስት ረድፍ ብቻ ያለው ፋይል ሠርታችሁ ለሙከራ በከፈታችሁት ሒሳብ ላይ አስገቡ። አምስቱ ውስጥ አንድ ገቢ፣ አንድ ወጪ፣ ቀኑ ከ12 በታች የሆነ አንድና ከ12 በላይ የሆነ አንድ ይኑሩበት። ልክ ከሆነ ሙሉውን ወደ ዋናው አስገቡ።

ከአንድ ሒሳባችሁ ወደ ሌላው ያዛወራችሁት ገንዘብ በሁለቱም ባንክ ዝርዝር ላይ ይመጣል። ሁለቱንም እንዳለ ካስገባችሁ አንዱ ወጪ አንዱ ገቢ ሆኖ የወሩን ድምር ያሳብጠዋል። አንደኛውን ስታስገቡ ዝውውር ብላችሁ መዝግቡትና ሁለተኛው ዝርዝር ሲመጣ ያንን ረድፍ ካለው ጋር አገናኙት፣ ወይም አውጡት።

የኮለሞቹን ምርጫ ፕሮግራሙ ውስጥ በስም ሴቭ አድርጉት፣ ግኑካሽም ኬማይመኒም ይህን ይፈቅዳሉ። የጽዳቱን ፎርሙላ የያዘውን ሺትም ባዶውን አስቀምጡት። በሚቀጥለው ወር አዲሱን ዝርዝር እዚያ ላይ ትለጥፉና መጀመሪያ የባላንሱን ኮለም ታያላችሁ።